የአዩባ ደብዳቤ፦ ከእስር ለመፈታት ስለሚቀርብ አቤቱታና ስለ ቶማስ ብሉየት መጽሐፍ የቀረበ ሒሳዊ ንባብ

በኹጥባና በደርስ ላይ አልፎ አልፎ የምንሰማው አንድ ታሪክ አለ። ቁርኣንን በቃሉ የያዘ አንድ ምዕራብ አፍሪካዊ ሙስሊም ተሽጦ ባሕር ይሻገራል፤ በባዕድ አገር ይታሰራል፤ በዐረብኛ የጻፈው አንድ ደብዳቤ ለንደን ይደርስና ነጻ ያወጣዋል፤ በመጨረሻም በንጉሥ ፊት ቀርቦና ተከብሮ ወደ አገሩ ይመለሳል። ተናጋሪው ታሪኩን የሚቋጨው ዕውቀት ባለቤቱን ከባርነት ያወጣል በሚል ምክር ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው፤ ባለታሪኩም አዩባ ሱለይማን ጃሎ ይባላል። እኛም ለደረሶቻችን በዚሁ መልክ ስንነግረው ቆይተናል። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያስገደደን የታሪኩን ዋና ምንጭ መለስ ብለን ማንበባችን ነው። ምንጩ ቶማስ ብሉየት የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1734 በለንደን ያሳተመው አጭር የአዩባ የሕይወት ታሪክ ነው። መጽሐፉን ስናነብ እኛ የምንናገረው ታሪክና በገጾቹ ላይ ያለው ታሪክ አንድ እንዳልሆኑ ተረዳን።

የዚህ ጽሑፍ ጭብጥ የሚከተለው ነው። ብሉየት አንድ ሰው ከእስርና ከባርነት ለመውጣት ያቀረበውን አቤቱታ የተረከው እንደ ቸርነት ታሪክ ነው። ሰውየው ለምን ታሰረ? የማሰሩ ሥልጣን ከምን መጣ? የማስረዳት ግዴታስ የማን ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች አያነሣም። እኛ ደግሞ ታሪኩን ወደ ሚምበር ስናወጣው ይህንኑ ጉድለት ወርሰናል፤ በላዩም የራሳችንን ጨምረናል፤ ብሉየት ሳይሸሽግ የጻፈውን አንድ ነገር እኛ እንዘለዋለን።

ሁለቱ የዩሱፍ (ዐ.ሰ.) መልእክቶች

ከእስር ቤት የሚወጣን አቤቱታ ለመመዘን ከሱረቱ ዩሱፍ የተሻለ ሚዛን አናውቅም። በዚህች ሱራ ውስጥ ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ከወህኒ ሆነው ሁለት መልእክቶችን ልከዋል። የመጀመሪያው በ42ኛው አንቀጽ የተነገረው ነው፤ እንደሚፈታ ላወቁት የእስር ባልንጀራቸው በጌታው ዘንድ እንዲያነሣቸው ነገሩት። ባልንጀራቸውም ተፈታ፤ ነገር ግን ሸይጧን አስረሳው፤ እሳቸውም ለተጨማሪ ዓመታት በእስር ቆዩ። የተረሳው ነገር ምን እንደሆነና የረሳውም ማን እንደሆነ ሙፈሲሮች ሁለት አስተያየት አላቸው። ኢብኑ ከሢር ያጠናከሩት የረሳው የተፈታው ሰው ነው የሚለውን ነው፤ እኛም በዚሁ እንሄዳለን።

ሁለተኛው መልእክት በ50ኛው አንቀጽ ላይ ይገኛል። ንጉሡ ሕልሙ ከተፈታለት በኋላ እንዲያመጧቸው ላከ። በሩ ተከፈተ። እሳቸው ግን አልወጡም። መልእክተኛው ወደ ጌታው ተመልሶ እጆቻቸውን ስለቆረጡት ሴቶች ጉዳይ እንዲጠይቅ አዘዙት። በዚህም ምርመራ ተካሄደ፤ ሴቶቹ መሰከሩ፤ የዐዚዝም ሚስት እውነቱን አመነች። ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የወጡት ከዚህ በኋላ ነው። በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲሥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እሳቸው ያን ያህል ጊዜ ታስረው ቢሆን ኖሮ ለጠሪው ወዲያው መልስ ይሰጡ እንደነበር በመናገር የዩሱፍን ትዕግሥት አልቀዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያው መልእክት መታወስን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው መጣራትን ይጠይቃል። የመጀመሪያው በአንድ ሰው ትውስታና በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሰውየው ከረሳ ነገሩ አበቃ። ሁለተኛው ግን የታሰረውን ብቻ ሳይሆን ያሰረውንም ወደ ጥያቄ ያመጣል። ነቢዩ ሁለቱንም መጠቀማቸው ሁለቱም የተፈቀዱ መሆናቸውን ያሳያል። ይሁን እንጂ ደረጃቸው የተለያየ ነው። በዚህ ሚዛን ወደ አዩባ ታሪክ እንግባ።

ከቡንዱ እስከ ኬንት ወህኒ

አዩባ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1701 ገደማ፣ ዛሬ ምሥራቅ ሴኔጋል በሚባለው አካባቢ በነበረችው በቡንዱ ነው። ቤተሰቡ የፉልቤ ዑለማ ቤተሰብ ነው። በብሉየት ዘገባ መሠረት አያቱ ኢብራሂም የቡንዱን ከተማ የመሠረቱ ሰው ነበሩ፤ ወደዚያች ከተማ ጥበቃ ፈልጎ የሸሸ ሰው ባሪያ አይደረግም የሚል ሕግም ነበራት። ይህ መብት በአዩባ ዘመን የሚሠራው ማንበብ ለሚችልና አላህን ለሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደነበር ብሉየት ጽፏል። አንባቢያችን ይህን ቅድመ ሁኔታ በልቡ እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ብሉየት 1730 ብሎ በመዘገበው ዓመት በየካቲት ወር፣ አንድ የእንግሊዝ መርከብ በጋምቢያ ወንዝ እንደቆመ የሰሙት የአዩባ አባት ልጃቸውን ወደዚያ ላኩት። የተላከው ሁለት ሰዎችን ሸጦ ወረቀትና ሌሎች አስፈላጊ ነገሮችን እንዲገዛ ነበር። ወንዙን እንዳይሻገርም አስጠንቅቀውት ነበር፤ በማዶ ያሉት ማንዲንካዎች ጠላቶቻቸው ነበሩና። አዩባ ከመርከቡ አዛዥ ከካፒቴን ፓይክ ጋር በዋጋ አልተስማማም፤ ላሚን የተባለ አስተርጓሚ ይዞ ወንዙን ተሻገረና ሁለቱን ሰዎች በከብት ለወጣቸው። ሲመለስ፣ የጦር መሣሪያውን ሰቅሎ ዐረፍ ባለበት፣ ማንዲንካዎች እሱንና ላሚንን ያዟቸው። በጦርነት የተማረኩ እንዲመስሉ ራሳቸውንና ጢማቸውን ላጯቸው፤ ለዚያው ለካፒቴን ፓይክም ሸጧቸው። ፓይክ አዩባ ወደ አባቱ መልእክት እንዲልክ ፈቅዶለት ነበር፤ ነገር ግን ቤዛው ከመድረሱ በፊት መርከቡ ተንቀሳቀሰ።

በሜሪላንድ አዩባ ቶልሲ ለተባለ ሰው ተሸጠ። በመጀመሪያ በትንባሆ እርሻ ላይ ተሰማራ፤ ያ ሥራ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ከብት ጠባቂ ተደረገ። ለሶላት ወደ ጫካ ገለል ሲል አንድ ነጭ ልጅ እየተከተለ ይሳለቅበትና ፊቱ ላይ ጭቃ ይወረውርበት ነበር። በዚህ ተማርሮ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1731 አካባቢ በኬንት አውራጃ ተይዞ ወደ ወህኒ ገባ።

የታሰረበትን ሕግ ብሉየት በግልጽ አስቀምጦታል። በሜሪላንድም ሆነ በአጎራባች ቅኝ ግዛቶች፣ በአካባቢው የማይታወቅና የይለፍ ወረቀት የሌለው ጥቁር ወይም ነጭ አገልጋይ በማንኛውም ሰው ሊያዝ ይችላል፤ ጌታው መጥቶ እስኪወስደውም በወህኒ ይቆያል። አዩባም ስለ ራሱ መግለጫ መስጠት ስላልቻለ ታሰረ ይለናል ብሉየት።

የመጽሐፉን ድክመት ከማንኛውም ቦታ አጉልቶ የሚያሳየው ይህ ነጥብ ነው። አዩባ ስለ ራሱ የሚሰጠው መግለጫ ነበረው። የአባቱን፣ የአያቱንና የአገሩን ስም ያውቃል፤ እንዴት እንደተያዘም ያውቃል፤ ይህንንም በዐረብኛ መጻፍ ይችላል። የጎደለው መግለጫው ሳይሆን የሚያዳምጠው ጆሮ ነበር። ብሉየት ግን የሰሚውን ጉድለት በተናጋሪው ላይ ጽፎ ያልፋል።

በመድረሳዎቻችን የሚንሃጅን የቀዷእ ምዕራፍ የቀራ ሁሉ ኢማም ነወዊ ያስቀመጡትን ሥርዓት ያስታውሳል። አዲስ የተሾመ ቃዲ ሥራውን የሚጀምረው የእስረኞችን ጉዳይ በመመልከት ነው። በሐቅ ነው የታሰርኩት ያለ በእስሩ ይቆያል። ተበድዬ ነው የታሰርኩት ያለ እንደሆነ ግን ማስረጃ የማቅረብ ግዴታው የባላንጣው ነው፤ ባላንጣው በቦታው ከሌለ እንዲመጣ ይጻፍለታል። የኬንት ወህኒ ጠባቂም ለአዩባ ጌታ ጽፏል፤ የደብዳቤው ዓላማ ግን የተገላቢጦሽ ነበር። በነወዊ ሥርዓት ባላንጣው የሚጠራው እንዲያስረዳ ነው፤ በሜሪላንድ ግን የተጠራው እንዲረከብ ነው።

ይህን ስንል የእኛን ኪታብ ከእነሱ ወህኒ ጋር አወዳድረን በቀላሉ ለማሸነፍ አይደለም። እንዲህ ያለ ውድድር ፍትሐዊ አይሆንም፤ ኪታብ ከኪታብ ጋር፣ ወህኒም ከወህኒ ጋር መወዳደር አለበት። ቃዲ አቡ ዩሱፍ (በ182 ሂ. ያረፉት) ኪታቡል ኸራጅን ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ሲጽፉ፣ እስረኞች በሰንሰለት ታስረው ምጽዋት ሊለምኑ የሚወጡበትን ሁኔታ አጥብቀው ነቅፈዋል፤ ከግምጃ ቤት ቀለብና ልብስ እንዲቆረጥላቸው፣ ጉዳያቸውም ሳይጓተት እንዲመረመር ጠይቀዋል። ነቀፋው ድርጊቱ በሙስሊሞች ከተማ ይፈጸም እንደነበር ምስክር ነው። ሚዛኑ የሚጠቅመን መጀመሪያ ራሳችንን ስንመዝንበት ነው።

ደብዳቤው በማን እጅ ገባ?

ብሉየት ለፍርድ ቤት ጉዳይ በአካባቢው ነበርና ስለዚህ እንግዳ እስረኛ ሰምቶ ከሌሎች ጋር ሊያየው ሄደ። የወህኒ ጠባቂው ቤት መጠጥ ቤትም ነበር። አዩባ አንድ ሁለት መስመር ጻፈላቸው፤ ሲያነበውም የአላህንና የሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ.) ስም ሰሙ። የወይን ጠጅ ሲያቀርቡለትም እምቢ አለ። ሙስሊም መሆኑን ያወቁት በእነዚህ ሁለት ምልክቶች ነው። ኋላም ዎሎፍኛ የሚናገር አንድ ሽማግሌ ጥቁር ባሪያ በሰፈሩ ተገኘና ቃሉን ተረጎመለት። አዩባ ወደ ቶልሲ ሲመለስ የሚሰግድበት ቦታ ተሰጠው፤ አያያዙም ተሻሻለ።

ቀጥሎ አዩባ ለአባቱ በዐረብኛ ደብዳቤ ጻፈ። የደረሰበትን ነግሮ የሚቤዥበትን መንገድ እንዲፈልጉለት ለመጠየቅ ነው። ደብዳቤው የሄደበት መንገድ ጠመዝማዛ ነበር። በአናፖሊስ አዩባን የሸጠው ቫቸል ዴንተን፣ ካፒቴን ፓይክ ወደ እንግሊዝ ሄዶ ስለነበር፣ ደብዳቤውን በለንደን ለሚኖር ሀንት ለተባለ ነጋዴ ላከው። ደብዳቤው ለንደን ሲገባ ፓይክ ወደ አፍሪካ ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ ከሀንት ዘንድ ተቀመጠ። በዚያ ሳለ ጄምስ ኦግልቶርፕ አየው። በኦክስፎርድ ዐረብኛ ያስተምር ወደነበረው፣ የአቡል ፊዳእን የሲራ ኪታብ እ.ኤ.አ. በ1723 ከላቲን ትርጉም ጋር ወዳሳተመው ወደ ዣን ጋኜ ልኮ አስተረጎመው። ካነበበውም በኋላ አዩባ ለንደን ሲደርስ 45 ፓውንድ ለመክፈል ዋስትና ፈረመ።

ብሉየት ይህን በኦግልቶርፕ ደግነት ብቻ ያብራራዋል። እኛ ግን አንባቢው ማን እንደነበር መታወቅ አለበት እንላለን። ኦግልቶርፕ እ.ኤ.አ. በ1729 የእንግሊዝ ፓርላማ ወህኒ ቤቶችን እንዲመረምር ያቋቋመውን ኮሚቴ በሰብሳቢነት መርቷል። ጓደኛው ሮበርት ካስቴል በዕዳ ታስሮ፣ የሚጠየቀውን ክፍያ ማሟላት ስላልቻለ ፈንጣጣ ወደገባበት ቤት ተወስዶ ሞቷል። ኮሚቴው በለንደን ፍሊት እስር ቤት ባለዕዳዎች ክፍያ ካልሰጡ በብረት ይታሰሩና ይሠቃዩ እንደነበር አጋልጧል። ዕዳ ያለበትና የተቸገረ ሰው እስኪቀናው እንዲጠበቅ በሱረቱል በቀራ 280ኛ አንቀጽ የታዘዘውን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ጉዳይ እንግዳ አይሆንበትም። ስለዚህ የአዩባ ደብዳቤ የእስረኞችን ብሶት መስማት ከለመደ ሰው እጅ ገባ።

ነገር ግን ያው ኦግልቶርፕ ባሪያ በሚነግደው በሮያል አፍሪካን ኩባንያ ውስጥ ከፍተኛ ሥልጣን ነበረው። በፍሊት የታሰረውን ባለዕዳ ጉዳይ ሲመረምር "ማን አሰረው፣ በምን ሥልጣን?" ብሎ ጠይቋል። የአዩባን ደብዳቤ ሲያነብ ግን የጠየቀው "በስንት ይለቀቃል?" ብሎ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሕግ አስወጣ፤ ሁለተኛው አንድ ሰው አስወጣ። ብሉየት ይህን ልዩነት አላየውም፤ ሊያየውም የሚፈልግ አይመስለንም።

ሌላም ጉድለት አለ። ደብዳቤው የታሪኩ ሁሉ መንቀሳቀሻ ሆኖ ሳለ ብሉየት ይዘቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅልሎ ያልፈዋል፤ ቃሉን አላተመውም። የአዩባ ብዕር ያመጣውን ነጻነት እያደነቀ የአዩባን ብዕር ዝም አሰኝቶታል። የእጅ ጽሑፉ ራሱ ግን አልጠፋም፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። ዐረብኛ የሚያነብ የእኛ ተመራማሪ በብሉየት አንድ ዐረፍተ ነገር የሚረካበት ምክንያት የለም።

የነጻነት ወረቀት

አዩባ ከብሉየት ጋር ተሳፍሮ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1733 እንግሊዝ ደረሰ። በመንገድ ላይ እንግሊዝኛ ተማረ። በለንደን ሃንስ ስሎንን ለመሰሉ ሊቃውንት የዐረብኛ ጽሑፎችን ተረጎመ፤ ከቃሉ ብቻ ሦስት ቁርኣን ጻፈ፤ በንጉሡ ቤተሰብ ፊትም ቀረበ። ሠዓሊው ዊልያም ሆር ምስሉን ሲሠራ የሆነውን ብሉየት እንዲህ ተርኮታል። አዩባ መሣሉን በብዙ ጭንቀት ከተቀበለ በኋላ በአገሩ ልብስ እንዲሣል ጠየቀ። ሠዓሊው ያላየውን ልብስ መሣል እንደማይችል ሲነግረው፣ ታዲያ አንዳንድ ሠዓሊዎች ማንም ያላየውን አምላክ ለመሣል ስለምን ይደፍራሉ ብሎ መለሰለት። ብሉየት ይህን መልስ ሳይሸራርፍ መመዝገቡ ምስጋና የሚገባው ነው። እንዲያውም በብዙ ቦታ ታማኝ ዘጋቢ ነው፤ ለአዩባም በራሱ ደክሞለታል።

ይህ ሁሉ ክብር በተደራረበበት ጊዜ ግን አዩባ ሰላም አልነበረውም። የዋስትናው ውል በሀንት እጅ ስለነበር ተመልሶ እንዳይሸጥ ይፈራ ነበር። ሮያል አፍሪካን ኩባንያ ውሉን ከተረከበው በኋላም አልረካም፤ ነጻነቱ በጽሑፍ እንዲረጋገጥለት ፈለገ። ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጡ፤ በዓመቱ መጨረሻ የነጻነት ወረቀቱን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ልቡ ዐረፈ ይላል ብሉየት።

እንደ እኛ ንባብ የመጽሐፉ ከፍተኛው ስፍራ ይህ ነው፤ በሚምበሮቻችን ላይ ግን ሲነሣ አንሰማም። በሩ ተከፍቶለት ሳለ አዩባ "ይህ በር በምን ይቆያል?" ብሎ ጠየቀ። በትልልቅ ሰዎች መወደድ ዋስትና እንዳልሆነ ገብቶታል፤ የወደደ ሰው ሊረሳ ይችላልና። ይህ ከዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ሁለተኛ መልእክት ጋር ይቀራረባል፤ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ሌላው ግማሽ ግን ሳይኬድ ቀረ። አንድ ነጻ ሰው በምን ሐቅ ተሸጠ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ወረቀቱም የተገኘው በምርመራ ሳይሆን በክፍያ ነው።

ሙሉውን መንገድ የሄዱ ሌላ እስረኛ በምዕራብ አፍሪካ የዕውቀት ታሪክ ውስጥ አሉ። የቲምቡክቱው ሊቅ አሕመድ ባባ ከቤተሰባቸው ጋር በሰንሰለት ታስረው እ.ኤ.አ. በ1594 ማራኬሽ ገቡ፤ ከወህኒ የወጡት በ1596 ነው፤ ወደ አገራቸው የተመለሱት ግን በ1608 ነው። አል-ኢፍራኒ ኑዝሀቱል ሃዲ በተሰኘው ታሪካቸው እንደዘገቡት፣ ከተፈቱ በኋላ ሱልጣን አሕመድ አል-መንሱር ዘንድ ሲቀርቡ ሱልጣኑ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሊያናግራቸው ፈለገ። እሳቸውም ከግርዶሽ ጀርባ መናገር የአላህ ነው ብለው መጋረጃው ካልተነሣ አልናገርም አሉ። መጋረጃው ሲነሣ ስለ መፈታታቸው አላመሰገኑም፤ ቤታቸው ለምን እንደተዘረፈ፣ ኪታቦቻቸው ለምን እንደተወሰዱ፣ በሰንሰለት ለምን እንደተጎተቱ ጠየቁ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ አሳሪው ሙስሊም ሱልጣን ነበር፤ የታሰሩትም ታላቅ ዓሊም ነበሩ።

የምንዘላቸው ሁለት ሰዎች

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመለስ። አዩባ ከቤቱ የወጣው ሁለት ሰዎችን ሸጦ ወረቀት ሊገዛ ነው። ብሉየት ይህን ጽፏል፤ እኛ ግን ስንናገረው "ለንግድ በወጣበት ተያዘ" ብለን እናልፋለን። ንግዱ ምን እንደነበር አንናገርም። የሁለቱን ሰዎች ስም ብሉየት አላቆየልንም። ወደ አባታቸው ደብዳቤ የጻፉ ከሆነም ያነበበው ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1734 አዩባ ወደ ጋምቢያ ሲመለስ ያገኘውና በ1738 መጽሐፉን ያሳተመው የኩባንያው ሠራተኛ ፍራንሲስ ሙር ደግሞ፣ አዩባ ይዞት ከመጣው ዕቃ አንዲት ባሪያና ሁለት ፈረሶች እንደገዛ ዘግቧል።

ሙርን በሁሉም ነገር አንቀበለውም። አዩባን ያሸጠው ንጉሥ በሽያጩ ዋጋ ባገኘው ሽጉጥ ባርቆበት መሞቱን ሲሰሙ፣ አዩባ ተንበርክኮ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ.) አመሰገነ ይላል፤ ይህ የሙስሊምን ሹክር ያልተረዳ ሰው አነጋገር ነው። የባሪያዋን ግዢ የሚመለከተውን ዘገባ ግን ስለማይመቸን ብቻ መጣል አንችልም። የሐዲሥ ሊቃውንት ያስተማሩን ዘገባን በስሜት ሳይሆን በመስፈርት መመዘን ነው።

አሕመድ ባባ እ.ኤ.አ. በ1615 ሚዕራጁስ ሱዑድን ሲጽፉ የባርነት ምክንያት ቀለም እንዳልሆነና ነጻ ሙስሊም ሊያዝ እንደማይችል በጽኑ አስረድተዋል። ይህ በዘመኑ ብዙዎችን የሚያድን ፈትዋ ነበር። ይሁን እንጂ ጥበቃው የሚደርሰው ሙስሊምነቱ ለታወቀ ሰው ነው። የቡንዱም መጠጊያ የሚከፈተው ማንበብ ለሚችል ነው። በኬንት ወህኒም አዩባን ከሌሎቹ የለየው የጻፈው መስመር ነው። ሦስቱም በሮች የሚከፈቱት ለታወቀ ሰው ነው። ከዚህ አንጻር የአዩባ ታሪክ "ዕውቀት ነጻ ያወጣል" ከሚለው ይልቅ "መጻፍ የማይችለውስ?" የሚለውን ጥያቄ ያስተምራል። ያ ዎሎፍኛ ተናጋሪ ሽማግሌ የሌላውን ቃል ተርጉሞ ለመፈታት በቃው፤ የራሱን ቃል ግን የተረጎመለት አልነበረም። ከዚያች ቀን በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ አይታይም።

ያልረሳው ባልንጀራ

ታሪኩን በዚህ ብንዘጋው አዩባን እንበድለዋለን። ከእሱ ጋር የተያዘው አስተርጓሚው ላሚን በአሜሪካ በባርነት ቀርቶ ነበር። አዩባ ነጻ ከወጣ በኋላ የወዳጁን ነገር አልተወም፤ የሞንታጉ መስፍን ላሚንን እንዲያስፈታለት ለመነ። መስፍኑም ፈልጎ አስፈታው፤ ላሚን እ.ኤ.አ. በ1738 ወደ ጋምቢያ ተመለሰ። ይህ ከተፈጸመ በኋላ ነው ታሪኩ ከሱረቱ ዩሱፍ ጋር በእውነት የሚገናኘው። በዚያ የተፈታው ባልንጀራ የታሰረውን ረሳ፤ በዚህ የተፈታው የታሰረውን አስታወሰ። ከንጉሡ ቤተ መንግሥትና ከሥዕሉ ይልቅ ይህ ሥራ ለኹጥባ የተገባ ነው።

ኢማሞችና ኡስታዞች ለታሰረ ሰው ምስክርነት ወይም የምልጃ ደብዳቤ ስንጠየቅ እንገኛለን። ይህ ሸፋዓ ነው፤ በሱረቱን ኒሳእ 85ኛ አንቀጽ ለመልካም ሸፋዓ ድርሻ እንዳለው ተነግሯል፤ መጥፎውም እንደዚሁ። እስረኛን ማስፈታትንም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተራበን ከማብላትና የታመመን ከመጠየቅ ጋር አዘዋል። የአዩባ ታሪክ የሚያስገነዝበን የሸፋዓችንን አሠራር ነው። የታሰረው ሰው ጨዋ መሆኑን ከመመስከር በፊት ለምን እንደታሰረና የከሰሰው ምን እንዳስረዳ መጠየቅ ይገባል፤ ያለዚያ የምንጽፈው የመጀመሪያውን መልእክት ብቻ ነው። ደብዳቤ ይዞልን የሚመጣው ዘመድና ቋንቋ ያለው ሰው መሆኑን ማሰብም ይገባል። እዚያው ክፍል ውስጥ አጠገቡ የተኛውና ማንም ያልጻፈለት ሰው ስም ማን እንደሆነ መጠየቅ ከእኛ የሚጠበቅ ነው።

የብሉየትን መጽሐፍ እንግዲህ አንጥለውም። ያለ እሱ አዩባን ባላወቅነው፤ ሁለቱን ሰዎችም፣ ሽማግሌውንም ባላወቅን። ነገር ግን በእሱ ዓይን ብቻ ልናነበው አይገባም። ለደረሶቻችን ስናስተምረው ከወረቀቱ እንጀምር፤ ወረቀቱ በስንት ሰው ዋጋ ሊገዛ ታስቦ እንደነበር ሳንደብቅ እንናገር፤ በላሚን መፈታትም እንጨርስ። ወላሁ አዕለም።